ከዘፈኑ በፊት ያለው ሳቅ

ወንድሜ ሆይ፣ ሟች ባለቤቴ ዘፈን የተወችው በፈቃዷ ነው ስል የኖርኩት ውሸት ነው፤ ኃጢአት ነው ብዬ ያስተውኋት እኔ ነኝ። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። አንተስ በሰው አገር እንዴት ከረምክ?

ባለፈው ፀጉሬን ልቆረጥ ብገባ አስተካካዩ፣ «አባባ፣ ይህቺን ይስሙልኝማ! ድሮ ዞር ብሎ ያያት የለም፤ ሸክላዋ እንደገና ታትሞ አሁን አገሩን ሁሉ ሆድ ታባባለች» ብሎ ከፈተው።

እሷ ነበረች። አሳታሚዎቹ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ወሬ እንዳለ ትተውታል።

«ባሌ ቢሰማስ?» ትላለች።

«ወንድሜ ከመዝሙር ሌላ ምን ይሰማል!» ትላለህ አንተ። ከዚያ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ።

«ቀና ይበሉ እንጂ አባባ» እያለ አስተካካዩ አገጬን ያነሳል።

ዘፈን ካስተውኋት በኋላ ልብስ ስፌት ትማራለች ብለህ የምታደርሳት አንተ ነበርክ። አንድ ቀሚስ ስትሰፋ ሳላይ እንኳ አልጠረጠርኩም። መዝፈኗስ ይሁን። ቤታችን ውስጥ ግን እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ባለቤቴ መሆኗን ለአስተካካዩ ነግሬው ስለነበር አሳታሚዎቹ በእሱ በኩል ለቀጣዩ እትም ሽፋን የሚሆን ፎቶዋን ለመኑኝ። ሳጥኑን ገለበጥኩት። ከእኔ ጋር በተነሳችው ሁሉ ከንፈሯ ግጥም ብሏል።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ አምላክ በጤና ያቆይህ። ዛሬ ጠዋት ከአንተ ጋር የተነሳችውን ላክሁላቸው።