ደገኛው ማጨጃ

ሰኞ፣ ግንቦት 1987

የሣር ማጨጃው ሞተር አሁንም ሞተ። ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ ስዘጋው ይነሳል፣ ትንሽ ያጓራል፣ ስከፍተው ጸጥ። የማስነሻ ገመዱን ስስብ ትከሻዬ ሊወልቅ ነው። በንዴት ሞተሩ እንደጋለ ቾኩን ዘግቼ ደጋግሜ ብስበው ጭራሽ ቤንዚን ጠጥቶ ታፈነ። ካንዴላውን ስፈታው ያንጠባጥባል።

የሙዙ ሥር ሣር ከወገቤ በላይ ሆኗል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታደሰ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ነበር። «እህቴ፣ ጩኸቱ በዝቷል፣ ሣሩ ግን አልፈራም» አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዓይኑ ከዚህ ማሳ ላይ አልተነሳም። ትናንት ከጸሎት በኋላ በሽማግሌዎች ፊት፣ «ማሳውን ዳዋ ዋጠው፤ እኔ ልያዘውና ድርሻዋን ልስጣት» አለ። ብድግ አልኩና፣ «ቅዳሜ መጥታችሁ እዩት። ካላጸዳሁት ይውሰደው» አልኩ።

ደቦ እንጥራልሽ ያሉም ነበሩ። እምቢ አልኩ። የሰፈሩን ደቦ የሚመራው ማን ሆነና? ራሱ ታደሰ! ሰው ሰብስቦ ካጸዳልኝ ማሳውን ያቀናው እሱ ነው ሊባል ነው።

አፌ ቀደመኝ ይሆን? ይሁን። ከአፍ የወጣ አይመለስም።

ማክሰኞ

ማጨጃውን ተሸክሜ ወደ ሲቀላ ከተማ ወረድኩ። መካኒኩ ጋሽ ዮሐንስ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈቱት፣ በቤንዚን አጠቡት፣ ቀዳዳውን ሁሉ በአፋቸው ነፉት። ማጣሪያውም ንጹሕ ነው። ገጥመው አስነሱት። ቾኩን ሲከፍቱ ሞተ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጊዜው አልፏል። ዶሮ ይስፈርበት» አሉኝ። ምክርም ጨመሩልኝ፦ «ሞተሩ ከጋለ ቾክ አትዝጊ፣ ይታፈናል።» እሱንማ ትናንት በትከሻዬ ተምሬዋለሁ።

ከጋራዡ ወጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና የነገ ጠዋት የጨንቻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቅሁ። ዶሮ አይሰፍርበትም!

ረቡዕ

ማጨጃው የመጣው ከጨንቻ ነው። ወንጌላዊ ማርቆስ የጸሎት ቤቱን ግቢ ሲያጭዱበት ኖረው ለባለቤቴ ሸጡለት። እሱም አንድ ቀን ሳይሠራበት ታሞ አረፈ።

«የሞተ ነገር ነው የሸጡልን» ልላቸው ነበር አወጣጤ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወንጌላዊው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው አንዴ ሳቡት። ተነሳ። ቾኩን ከፈቱ። አልሞተም! እንዲያውም የግቢውን ጥግ አጨዱበት። «ጤነኛ ነው፣ እህቴ» ብለው ሳቁ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። እስከ ሰፈሬ ላንቴ ድረስ የታደሰን ፊት እያሰብኩ ወረድኩ።

ሐሙስ

ላንቴ። ሞተ።

ረገምኩት (ጌታ ይቅር ይበለኝ)። ከዚያ ሙዝ ሥር ቁጭ አልኩ። ቤንዚኑ ያው፣ ካንዴላው ያው፣ አነሳሱም ያው። የተለየው ቦታው ብቻ ነው። ትናንት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፍኖብኝ ነበር። የወንጌላዊው ባለቤት ደግሞ ባቄላ ጥደው፣ «እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቶሎ አይበስልም» ሲሉ ነበር።

አየሩ! ጨንቻ አየሩ ስስ ስለሆነ ወንጌላዊው ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቤንዚንም ቀንሰውለታል። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ አነሰው። ቾኩ ሲዘጋ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ አየሩ ሲቀነስበት ካለው ቤንዚን ጋር ይመጣጠናል። ማጨጃዬ አልሞተም፤ ደገኛ ሆኖ ቆላ አልስማማው ብሎት ነው!

ካቻቪቴ አመጣሁ። የቤንዚኑን መጠን የምትወስነውን የካርቡራተር ብሎን ወደ ግራ ትንሽ። ሞተ። ትንሽ ደግሞ። ቆየት ብሎ ሞተ። ደግሞ። ቾኩን ከፈትኩ። ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ፣ አላቆመም! እኔም አብሬው እልል አልኩ። የጎረቤት አህያ ገመዱን በጥሶ ሄደ።

አርብ

ማጨድ ብቻ። የሚያጭደው የናይሎን ክር ሁለቴ ተበጠሰ። አንድ የሙዝ ልጅ አብሬ ቆርጫለሁ፤ ቅጠል አልብሼዋለሁ። የመጨረሻውን ጥግ ለነገ ተውኩ። በፊታቸው ነው የማጭደው።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ መጡ። የቀረውን ጥግ አጭጄ ስጨርስ በሙዙ መሃል እየተዘዋወሩ አዩ። ቅጠል ያለበስኩትን ማንም አልገለጠም። «ጸድቷል» አሉ። ታደሰ ግን፣ «ያጸዳው ሞተሩ ነው። እሷ ምን ሠራች?» አለ።

ደሜ ፈላ። ሞተሩን አጠፋሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «እንካ፣ እንግዲያው ላንተም ያጽዳልህ» አልኩት።

ሳበ። ሳበ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ሳበ። ሞተሩ አልተነሳም። ትልቁ ሽማግሌ ከሳቃቸው የተነሳ ከዘራቸውን ተደገፉ። «ተው፣ ልጄ። ማሳው በእሷ እጅ ይቆይ» አሉ። ሌሎቹም አሜን አሉ።

ገመዱን ከመሳቡ በፊት በጋለ ሞተር ቾኩን ሲዘጋ አይቼዋለሁ። እንደሚታፈን አልነገርኩትም።