ቁልፍዎ አሁን ታይቷል

ለክቡር የሽመላ ስልክ ኩባንያ የደንበኞች ታማኝነት ክፍል ኃላፊ
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና በራስጌዎ ባትሪው ሞልቶ የሚያድረው ስልክዎ ደኅንነት የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ማ ፓንሶክ የተባልሁ የኡይሶንግ ነጭ ሽንኩርት አብቃይ ነኝ። ፊደሌን ያጠናከርሁት ከአሮጌ ጋዜጦችና ከማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ስለሆነ፣ ጽሑፌ እንደ ማስታወቂያዎቻችሁ ባያብረቀርቅ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የቀደሙትን ደብዳቤዎቼን በታላቅ ትዕግሥት ሳይመልሱ ስላስቀመጡልኝ፣ ይህኛው ቦታ እንዳያጣብብብዎ ብዬ በአውራጃችን ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ታላቅ ወንድሜ ኪልሶክ ከተቀበረ ወዲህ “ናፍቀኸናል፣ ለምን ጠፋህ?” እያለ የሚጽፍለት የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። እኛ ዘመዶቹ ለምን እንደጠፋ ስለምናውቅ ሳንጽፍለት ቀርተናል፤ እናፍራለን።

ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩. ስለ ታማኝነት። ወንድሜ ዕድሜውን የፈጀው በሐንቢት ፋብሪካ የስልክ ክዳን ሲገጥም ነው። በመንደራችንም ከሐንቢት ሌላ ስልክ የሚይዝ የለም፤ ሽመላ የያዘ እንግዳ ከመጣ ሕፃናቱ “የከተማ ወፍ!” እያሉ ይከተሉታል። እናም አንድ ልጁ ዳሶም ከተማ ገብታ በእናንተ ሱቅ ሻጭ መሆኗን በአያቶቻችን መታሰቢያ ማዕድ ላይ ስትናገር፣ ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ።

“በሐንቢት ሩዝ አድገሽ የሽመላ ላባ ትሸጫለሽ?”

“አባባ፣ ስልክ እኮ ነው! ሃይማኖት አደረግኸው እንዴ?”

“እንግዲያው ስልክሽን ይዘሽ ውጪልኝ።”

ወጣች። የቤቱን ቁልፏን በጫማ መደርደሪያው ላይ ትታ ወጣች፤ የስልክ ቁጥሯንም ለወጠች።

በረዶው ሲቀልጥ ወንድሜ ለማንም ሳይነግር ወደዚያ ሱቅ ሄደ። እሷ ግን ሥራውን ለቃ ነበር። ባዶ እጄን ከምመለስ ብሎ የሽመላ ስልክ ገዛ፤ ሻጩም የጠፋ ዕቃ የሚያስገኝ፣ ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ነገር ጨመረለት። ወንድሜ በዳሶም ቁልፍ ላይ አንጠለጠለው፤ ቁልፉንም ከቀበቶው አልለየውም። መንደሩ ሳቀበት። እኔማ ጠዋት ባገኘሁት ቁጥር “ጋሼ፣ ወፏ እንቁላል ጣለች?” እለው ነበር።

“ሳቅ አንተ። ድንገት ብትመጣ፣ የሷን ስልክ ይዤ እንድታየኝ ነው” ይለኛል።

ሳትመጣ ሞተ። ወደ መጨረሻው አድራሻዋ የላክነው መርዶም ተመለሰ። ታማኝ ደንበኛ የሚሉት እንዲህ ያለውን ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

፪. የሙት ቤተሰብ ስለማስደንገጥ። ከፈን ኪስ የለውምና ቁልፉን በመቃብሩ ፊት ካለው የድንጋይ ገበታ ሥር ሸጎጥሁለት። ስልኩ ከባለቤቱ ከእትዬ ኦክቡን ዘንድ ቀረ። ከዚያም ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት እትዬ በባዶ እግራቸው ወደ እርሻዬ መጡ፤ ስልኩን እንደ ጋለ ድስት በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘውታል። በላዩ ላይ “ቁልፍዎ አሁን ታይቷል” ይላል።

“የዳሶም አጎት፣ ወንድምህ ቁልፉን አወጣው! ወደ ቤት ሊመጣ ነው!”

“ይምጣ እንጂ። ሽንኩርቱን ማን ሊነቅልልኝ ነው?” አልኋቸው። ስልኩን ግን በሁለት እጄ ተቀበልኋቸው።

የእናንተን መመሪያ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ሽመላ የያዘ ሰው በቁልፉ አጠገብ ሲያልፍ፣ የእሱ ስልክ ባለቤቱ ሳያውቅ ለወንድሜ ስልክ ሹክ ይላል። እንግዲህ በመንደራችን የሌለ ስልክ የያዘ ሰው መቃብሩ ዘንድ ቆሟል ማለት ነው። እየሮጥሁ ወጣሁ። ማንም አልነበረም። በድንጋዩ ላይ ግን አንድ ሲጋራ ተለኩሶ ወደ መቃብሩ ዞሮ ተቀምጧል፤ ገና አላለቀም።

እትዬ “ባሌ ሲጋራ ከተወ ስንት ዘመኑ” ይላሉ። ከጎተራው ጀርባ ተደብቆ እንደሚያጨስ የምናውቅ እኔና፣ ሲጋራውን የምትገዛለት ዳሶም ብቻ ነበርን።

፫. ስለ እኔ አለመኖር። የመጣችው ዳሶም እንደሆነች ከነገርኋቸው ወዲህ እትዬ ስልኩን ከጡታቸው ሥር አይለዩትም፤ ቁልፉ በታየ ቁጥር “ዛሬም በሕይወት አለች” ይሉና ምሳ ይበላሉ። እኔም በየሳምንቱ ወጥቼ አርማለሁ፣ የዚያን የተንጠልጣዩን ባትሪ እቀይራለሁ፣ ወንድሜንም እንደ ልማዴ እቀልድበታለሁ። ስልኩ ግን እኔ መምጣቴን ነግሮ አያውቅም፤ ሐንቢት ይዣለሁና። ከመቃብሩ ፊት ቆሜ ስሙን ስጠራ፣ በማሽናችሁ ዓይን እዚያ ማንም የለም። ሙቱ ቁልፍ አለው፤ እኔ ግን የለሁም። በሕይወት ሳሉ መንፈስ መሆን ምን እንደሚመስል በነፃ ስላሳያችሁኝ አመሰግናለሁ።

ከቹሶክ የመከር በዓል በፊት ዘመድ ሁሉ የመቃብር ሣር ሊያጭድ ከከተማ ሲመጣ፣ የመንደሩ ሊቀመንበር አቶ ኦ በድምፅ ማጉያው እንዲህ አሉ፤ “አ… አ… ይሰማል? ሽመላ የያዛችሁ የማ ቤተሰብ ልጆች፣ ስልካችሁን ከተራራው ግርጌ በሽንኩርት ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣችሁ ውጡ። የእትዬን ስልክ በሐሰት እንዳታስጮኹ። የደበቀ ምሳ የለውም!” ሁሉም እያጉረመረመ አስቀመጠ።

ግማሹን ሣር ካጨድን በኋላ የእኔ ሐንቢት ጮኸ። የደወሉት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት የቀሩት እትዬ ናቸው።

“ማነው ስልኩን ያልጣለው?”

“ሁሉም ቅርጫት ውስጥ ነው።”

“አሁን ታይቷል እያለኝ ነው። አሁን ይላል፣ አንተ!”

ከመቃብሩ በስተግራ ጥዱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅርንጫፍ ተወዛወዘ። የወንድሜን ልጅ ስም ልጠራ አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት፤ እንስሳ እንኳ በጩኸት አይቀርብም። ይልቁንስ ጮክ ብዬ “በቃ፣ ደከመኝ! በግራ በኩል ያለውን ተዉት!” አልሁና ማጭዴን በድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም እየነዳሁ ወረድሁ። ወደኋላ አልተመለከትሁም።

በማግሥቱ ስወጣ ግራው ታጭዷል። አስተጫጨዱ እንደ ከተማ ሰው ጸጉር የተዘበራረቀ ነው። ማጭዱ ታጥቦ በቦታው ተቀምጧል።

፬. ስለ ደንባችሁ። እትዬ የስልኩ ምስጢር ቁጥር ጠፍቶባቸው ሲደውሉላችሁ፣ እውነተኛ ሴት ናቸውና ባለቤቱ መሞቱን ተናገሩ። እናንተም በጨዋ ቃል አጽናናችኋቸውና የሟች ስም ከመዝገብ ስለሚሰረዝ ቁልፉም ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንደማይታይ አስታወቃችኋቸው። ሙት ታማኝ ሊሆን አይችልም የሚል ደንብ ካላችሁ፣ ክቡር ሆይ፣ ከእሱ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ ያሳዩኝ፤ ስልክ አልቀየረም፣ ቅሬታ አላሰማም፣ ወደ ሐንቢትም አልተመለሰም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን አትሰርዙ። እናት ልጇ በሕይወት መኖሯን የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም።

የዘመናት የሐንቢት ደንበኛ፣ በእናንተ ዘንድ የማይታይ፣ ሆኖም በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ያለ አገልጋይዎ፣

ማ ፓንሶክ
ኡይሶንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ለወንድሜ “ሽመላን ለጎረቤቶችዎ ይመክራሉ?” የሚል መጠይቅ ልካችሁለታል። በቀኙ ያረፉት ጎረቤቶቹ ሁሉ ሐንቢቶች ስለሆኑ አሳባቸውን ለማስቀየር ጥቂት ጊዜ ስጡት። ይህን ደብዳቤ እርስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ምናልባት ሽመላ የያዘች አንዲት ሴት ታነበው ይሆናል። እንደምትታይ ስለነገርኋት ከእንግዲህ ስልኳን ትታ ብትመጣ መብቷ ነው። ብቻ ከድንጋዩ ሥር እጇን ትስደድ፤ ቁልፉ የራሷ ነው። መንደሩ ሁሉ በቁጥር የሚከፈት በር ሲያስገባ፣ እናቷ መቆለፊያውን አልቀየሩም።