ከእሷ በፊት ያነበብኩት

ሰኞ፣ ጥር 4

መጋረጃ አጠብኩ። የወጥ ቤቱ መስኮት አሁንም ይንቋቋል፤ አናጢው ለሦስተኛ ጊዜ ዋሸኝ። ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትኖረው እህቴ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ፊደሉን አተልቂልኝ። ጉንዳን መስሎ እየታየኝ ነው።»

አተለቅኩላት። ልመልስላት ስል አንድ መልእክት ገባ። ከልጄ። የእኔ ልጅ፣ ለእሷ! «እንደምን አደርሽ የኔ ወርቅ አክስት? በላሽ ወይ?»

ለእኔ በየእሑዱ አራት ደቂቃ ነው። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዛብኝ... አለቀ። አንድ ቀን በላሽ ወይ ብሎኝ ያውቃል?

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጽፍልሽ?»

«አዲሱን ቁጥር ካወጣ ወዲህ። ወር ሊሆነው ነው።»

እኔ ጋ የሚደውለው በአሮጌው ነው። አዲሱ ለእሷ ብቻ ተሰጠ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

አደረግኩት። ገላዋን ስትታጠብ ስልኳን ከታብሌቴ ጋር አገናኘሁት። የሰፈራችን ስልክ ጠጋኝ ለገዛ ስልኬ ያሳየችኝ ዘዴ ነው፤ አራት ማዕዘኑን ምስል ለካሜራው ማሳየት ብቻ። ከእንግዲህ ለእሷ የሚገባው ሁሉ ለእኔም ይገባል።

እጄ ሥራውን ያውቃል። ዐሥራ አንድ ዓመት በፖስታ ቤቱ ጓሮ፣ ስድስት ቁጥር ክፍል፣ የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት ከፍቼ፣ አንብቤ፣ በእጥፋቱ መልሼ አሽጌአለሁ። ያ ግን የመንግሥት ሥራ ነበር። ፈርሜ ገብቼ ፈርሜ እወጣ ነበር። ይኸኛውስ?

ይኸኛው የልጄ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

በአንድ ቀን ሦስት መልእክት! «ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» ይላታል። እሷ? ጥርስ ሲያወጣ አንድ ሳምንት አዝላዋለች፤ በቃ። ምሳ አልበላሁም። ማንም አልጠየቀኝም።

እሷ ታዲያ ስልኳን እያገላበጠች መጣች። «እትዬ፣ ጉድ እኮ ነው። ይሄ ስልክ መልእክቴን ከእኔ ቀድሞ ያነባል! አዲሱን ሁሉ የተነበበ ይለኛል። መነጽርም አይፈልግ።»

ደብዳቤ በእጥፋቱ ይመለሳል። ይኼንን በምን ያጥፉታል?

«አርጅቶ ይሆናላ» አልኩ።

«እንደኛ በይኛ!» ብላ ሳቀች።

ሐሙስ፣ ጥር 14

የዛሬው እንዲህ ይላል፦ «አክስቴ፣ ነገ ስልክሽ ላይ ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይገባል። ቶሎ ላኪልኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ትቆጣለች።»

መጀመሪያ ያቃጠለኝ «እንዳትነግሪያት» የሚለው ነው። ደግሜ ሳነበው በረደኝ። የክፍላችን አለቃ፣ «ደብዳቤው የሚለውን ተዉት፤ የሚጠይቀውን ፈልጉ» ይሉን ነበር። የወር ሙሉ ማር ለአንድ ቁጥር? ጡረታዋ የሚገባው በዚያ ስልክ ነው...

ልጄ ጋ ደወልኩ። በአሮጌው።

«የምን አዲስ ቁጥር እማዬ? ያለኝ ይኼው አንዱ ነው።»

«ለአክስትህ አትጽፍላትም?»

«ኧረ ከጻፍኩላት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም። እንዴ፣ ማን ነው በስሜ የጻፈላት? አንቺስ በምን አወቅሽ?»

ዘጋሁበት።

በሌባ ቃል ነው ለካ የቀናሁት። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ስመረምር ኖሬ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን... ደስ አለኝ። ለእሷም አልጻፈላትም።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት ዙሪያ ጥምጥም ሞከርኩ። «ዘንድሮ ሌባው በስልክ ነው የሚገባው አሉ። ቁጥር ላኪልኝ ለሚልሽ ለማንም እንዳትልኪ።»

«ለማን እልካለሁ እትዬ? ለልጄ ካልሆነ።»

ልጄ አለች። ምላሴን ነከስኩ። ይበላት እንዴ አልኩ? አልኩ፣ ለአፍታ። እዚህ ላይ አልዋሽም።

አራት ሰዓት ላይ ቁጥሩ ገባ። ራሷ አመጣችልኝ። «መነጽሬን የት እንዳኖርኩት እንጃ። ይቺን አንብቢልኝ።» አነበብኩላት። የመጨረሻውን ሰባት «አንድ» ብዬ። በዕድሜዬ ቁጥር አዛብቼ አላውቅም። ላከችለት። እኔም ሳልጋለጥ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ተሳስተሻል፣ ሌላ ይመጣልሻል አላት። ሌላው መጣ። ስልኩን ሰጠችኝ። «ሳይቀየመኝ አይቀርም። እባክሽ እትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።»

አልቻልኩም። ልጃችን አይደለም፣ ሌባ ነው አልኳት። ደውዬ መጠየቄን ነገርኳት።

«አንቺ የእኔን መልእክት በምን አወቅሽ?»

ታብሌቱን አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አለች። የወሩ ሁሉ አለ።

«ሌባውስ ቁጥሬን ፈለገ። አንቺ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቀንቼ ነው።»

«በእኔ?» ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ባንቺ ቤት የምኖር፣ ያልወለድኩ... በእኔ ቀናሽ?»

ራቷን ክፍሏ ወስዳ በላች።

ሰኞ፣ ጥር 18

ስልክ ጠጋኟ ጋ ሄድን። የሌባውን ቁጥር ዘጋችው፤ የይለፍ ቃሉን ለወጠችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሌላ ዕቃ ተገናኝቶበታል። የማን ነው?» አለች።

ጫማዬን አየሁ።

«የቤት ሰው ነው። አውጪው» አለች እህቴ።

እቤት እስክንደርስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24

ልጄ ደወለ። አራት ደቂቃ። ለእሷ ግን ከዚያ ጉድ ወዲህ አዝኖላት በየቀኑ እንደሚጽፍላት ነገረኝ። የእውነቱን። በሯን ዘግታ ነው የምታነበው። ስልኳንም እኔ በማላውቀው ቁጥር ቆልፋዋለች።

የቀናሁበት ሁሉ እውነት ሆኖ መጣ፤ እኔ ደጅ ቀረሁ። ምን ይላት ይሆን?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። መስታወቱ በራ። ከተቀመጥኩበት አንድ ክንድ አይሞላም፤ ቀና ብል ስሙን አነበዋለሁ። ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በእጄ ዳብሼ፣ በፊቱ ደፋሁት።

ቅርጫቷን ይዛ ስትመለስ አየችው።

«ማን ነው የደፋው?»

«እኔ።»

«ምን እንዳታዪ?»

«የልጄን ስም።»

አንስታ አነበበች። ሳቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ጠጋኟ ናት እኮ እትዬ! የስልክሽ ሽፋን መጥቷል ትለኛለች።»

ስልኩን ግን ወደ እኔ አላዞረችውም።

እውነቷን ነው? እሱ ቢሆንስ? ሳቋ የአክስት ሳቅ መሰለኝ... የማጣራበት ነገር የለኝም።

«እሺ» አልኳት። እየቀናሁም አመንኳት።