የዘጠኙ ጊደሮች መዝገብ

ልጄ ፈይሩዝ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይሸሽግሽ። የቤታችን እስክሪብቶ ዛሬ ጠዋት ማለቁን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈው በእርሳስ ነው።

ከሚሴ ዝናብ ገብቷል፣ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። እኔን ግን ፍርሃት ይዞኛል። ለወተት ከብት አርቢዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው መርማሪ ሐሙስ መጥቶ መዝገቡን ከበረቱ ጋር ያመሳክራል። ካልተስማሙ ጊደር አርብተን መሸጣችን አበቃ። በረት ያሉት ስምንት ናቸው፤ እኔ የሰው ዓይን ፈርቼ የመዘገብኩት ስድስት ነው።

አባትሽ፣ «ያ ሳቢራ፣ መርማሪው ወረቀት እንጂ ዓይን የለውም» አለኝ።

«ዓይን ከሌለው በምን ይቆጥራል?» አልኩት።

«ተይው እሱን። ያልጻፍሻት ጊደር ነገ ከወለዳት ኮርማ ጋር ብትዳቀልስ? በምን እናውቃለን?»

ይህ ደግሞ ከዓይን የባሰ ፍርሃት ሆነብኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ከነእናት ከነአባታቸው ጻፍኳቸው። አሁን መዝገቡን ጎረቤት እንዳያየው በሻሼ ሸፍኜዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ዱዓ አድርጊልኝ፤ ቁጥሩን ግን ለባልንጀሮችሽ አትንገሪ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ሥራሽን ያቅልልሽ።

እናትሽ ሳቢራ

እርማት፦ ከላይ «ስምንት» የተባለው «ዘጠኝ» ተብሎ ይነበብ። ካንቺም የሸሸግኳት ዘጠነኛዋ ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ተመዝግባለች፤ አላህ ይጠብቃት።