ፈረስ የሆነችው መኪና

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ይሥሐቅ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ሙቀትና ዝናብ ተስማማህ ወይስ እንደ ድሮው ራስህን ያምሃል? ባለቤትህ እስከዳርስ ደህና ናት? ልጆቹስ ምን ያህል አደጉ? ከእኛ ወገን ማንን መሰሉ? እኛ ያለነው አለን፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን። ገብሱን ውርጭ ቢነካውም ለቤት የሚሆን አላጣንም፤ በጎቹም ደህና ናቸው።

ስለ እማዬ ለመስማት እንደቸኮልክ አውቃለሁ። የእሷን ነገር መጨረሻ ላይ ጽፌልሃለሁ። እንደ ልማድህ ዘለህ ወደ ታች እንዳትሄድ፤ ከላይ ጀምረህ ተራውን ጠብቀህ አንብብ። በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ።

እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ቢኖርም ነገሩ በስልክ የሚነገር አይደለም። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የቄስ ቴዎፍሎስ ልጅ ትሕትና ናት፤ ለትምህርት አንተ ወዳለህበት ወደ ሚዛን ስለምትወርድ በእጇ ሰጠኋት። ታናሻችን አወቀ መደብደቡን ሰምተህ "መጥቼ አሳያቸዋለሁ" ብለህ መማልህ ደርሶናል። አልፈርድብህም፤ እኔም ወንድ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ግን የሰማኸው ጎደሎ ወሬ ነው። የደበደቡት የራቤል ሰዎች ዛሬ የሚፈልጉት አወቀን አይደለም፤ አንተን ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

አወቀ ጋሽ ወሰኔ ከሚባሉ የራቤል ሰው አሮጌ ፒክአፕ መግዛቱን ታውቃለህ፤ ሰማያዊዋን፣ ፎቶዋን የላክንልህን። የማታውቀው ስሟ አለመዞሩን ነው። ሊብሬው ላይ የጋሽ ወሰኔ ስም እንዳለ ነው፤ በአወቀ እጅ ያለው ማኅተም ያረፈበት ውክልና ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲህ እየገዛ ይነዳ የለ? ጋሽ ወሰኔ ራሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ "አንተ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን እንሂድና ስሙን እናዙረው" ይሉት ነበር። እኔም ጨቅጭቄዋለሁ። እሱ ግን አፈረ። "ሽማግሌ ሰውን ቶሎ ስም ያዙሩልኝ ማለት ቶሎ ሊሞቱ ነው ማለት አይሆንም ወይ?" አለኝ። ይኸው ይሉኝታው ጉድ ሠራን። ገብሱ ይወቃ፣ ጾሙ ይፈታ ሲል ሲል ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ።

አወቀ መርዶውን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እንደ አባት ነበር የሚያያቸው። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በመኪናዋ ለቀስተኛ ጭነን ወደ ራቤል ሄድን። ስንደርስ የለቅሶው ሜዳ በሰው ሞልቷል፤ ፈረስ ግን የለም። የጋሽ ወሰኔ ፈረስ በክረምቱ ሞቶ ኖሯል። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ በርኖሱና ጠመንጃው ተደርጎበት ሜዳውን ካልዞረ ሟቹ እንደተዋረደ የሚቆጥር አገር መሆኑን አንተም አትረሳውም። የበኩር ልጃቸው ጫኔ አወቀን እጁን ይዞ፣ "ወንድሜ፣ መኪናዋን ለአባቴ ፈረስ አድርግለት" ብሎ ለመነው። ምን ይበል? እሺ አለ። በርኖሳቸውን ኮፈኑ ላይ ዘርግተው ጫፉን በገመድ አሰሩ፤ ጠመንጃቸውን በመስኮቱ አጋደሙ፤ አወቀም በዝግታ እየነዳ ሜዳውን ዞረ። አልቃሿ የወሰኔ ፈረስ ብረት ሆነ እያለች ስታወጣ ሕዝቡ ደረቱን መታ። አወቀ መሪው ላይ ተደፍቶ ያነባ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ዛሬ ያ እንባዬ ያንገበግበኛል።

ከቀብር መልስ ለመሳፈር ስንሰናዳ ጫኔ መጥቶ መዳፉን ዘረጋ። "የአባቴን መኪና ቁልፍ" አለ። አወቀ ሐዘን ያናገረው መስሎት ሊያቅፈው ቀረበ፤ ጫኔ ገፈተረው። አወቀ ውክልናውን ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳይ ከዘመዶቻቸው አንድ የተማረ ሰው ተቀብሎ አነበበና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል አለ። ይህስ እውነት ነው፤ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አወቀ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ መሸጣቸውን አገር አያውቅም ወይ እያለ ጮኸ። አንዱ ሽማግሌ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ልጄ፣ አሁን በገዛ እጅህ የሟች ፈረስ ናት ብለህ አዙረህ አሳየኸን። በሰው ለቅሶ ላይ የሌላ ሰው ፈረስ ይዞራል እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ዱላ ነው የተናገረው። ከየአቅጣጫው ወረዱበት። ቁልፉን በቀኝ እጁ ጨብጦ መሬት ላይ ተኛበት፤ ጎኑን ረገጡት፣ ጭንቅላቱን ፈነከቱት፣ አልለቅም አለ። በመጨረሻ ጫኔ እጁን ከሥሩ ስቦ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በሽመል ቀጠቀጠው። ጣቶቹ እንደ ጭራሮ ሲሰበሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቁልፉ ከሥጋና ከደም ጋር ወጣ። እኔም ቆሜ አላየሁም። የአንዱን ጆሮ ነክሼ ይዤ ነበር፤ ሴቶቹ ባይገላግሉን ቆርጬ እተፋው ነበር። የደሙ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ፤ አልጸየፈውም።

ጫኔ ዘሎ ገብቶ መኪናዋን አስነሳ። አሁን የምነግርህን ልብ በል። የዚያች መኪና ፍሬን አንዴ ሲረገጥ አይዝም፤ ደጋግመው ካልረገጡት ባዶ ነው። ይህን ጠባይዋን የሚያውቀው አወቀ ብቻ ነው። አወቀ አፉ ደም እንደሞላ ከመሬት ቀና ብሎ "ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ!" እያለ ጮኸ። እኔ ግን፣ ጋሼ፣ አፉን ላፍነው ነበር። ይሂድ፣ ይከስከስ አልኩ በልቤ። ጫኔ የሚሰደብ መስሎት በመስኮት ምራቁን ተፍቶብን ነዳ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቁልቁለት ስትደርስ ስትፈተለክ ሁላችንም አየናት። በርኖሱ ገና ኮፈኑ ላይ ነበር፤ ነፋሱ አንሥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈበት። መታጠፊያውን ስታ ገደል ገባች። ሲያወጡት ፊቱ አይለይም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የአባታችን መኪና ናት ብለው የወንድሜን እጅ የሰባበሩት ሰዎች፣ ፖሊስ መጥቶ ባለቤቷ ማን ነው ሲል ሁሉም ጣታቸውን ወደ አወቀ ቀሰሩ። የገዛት እሱ ነው፣ አገር ያውቃል፣ ፍሬኑንም አውቆ ያበላሸው እሱ ነው አሉ። ሰው ሳትገድል የእነሱ፣ ሰው ስትገድል የእኛ ሆነች። ሊብሬው አሁንም በጋሽ ወሰኔ ስም ነው። ብረቷ እስካሁን ገደሉ ውስጥ ናት፤ የኔ ናት ብሎ የሚያነሳት የለም።

ለእርቅ ሽማግሌ ላክን፤ ቄስ ቴዎፍሎስም መስቀላቸውን ይዘው ሄዱ። የጫኔ ታናሽ ወንድም አባይነህ መስቀሉን ተሳልሞ እርቁን እንቢ አለ። ደሙን ሳልመልስ ጠጉሬን አልቆረጥም ብሎ በወንድሙ መቃብር ላይ ምሏል። ቄሱ አወቀ የደረሰበት አይበቃም ወይ ሲሉት፣ "እጀ ቆራጣው ለጫኔ አይመጥንም፤ ጫኔ በኩር ነበር፤ የእነሱንም በኩር እፈልጋለሁ" አላቸው። በኩራችን አንተ ነህ፣ ጋሼ።

አወቀ ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ከሆስፒታል እንደወጣ ወደ አንድ ገዳም ተጠግቶ በግራ እጁ ውሃ እየቀዳ ይኖራል። ሄጄ ስጠይቀው "ነግሬው ነበር እኮ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ተቀመጥ፤ እስከዳርንም አጠገብህ ጥራት።

እማዬ አርፋለች። የአባይነህን መሐላ ቄሱ ነግረዋት ሲወጡ ደጃፍ ላይ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ከመደቡ አልተነሳችም። አንደበቷ ሳይያዝ ያዘዘችን አንድ ነገር ነው። "ይሥሐቅ እንዳይሰማ። ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ሬሳዬ ፊት ይጥሉታል። አፈር ካለበሳችሁኝ በኋላ ንገሩት" አለች። እንደ ቃሏ አደረግን። ከአባባ ጎን ተቀብራለች።

የቀብሯ ዕለት አባይነህና ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከለቅሶው ሜዳ ዳር ቆሙ። ማንንም አልነኩም። እያንዳንዱን ወንድ ፊት ፊቱን ያዩ ነበር። በኩር ከእናቱ ለቅሶ አይቀርም ብለው ነው፤ አወቀን ያጠመደው ለቅሶ አንተንም ያመጣል ብለው። እኔ ሙሾ እያወጣሁ እነሱን አየኋቸው፤ አንተ የለህም፤ ደስ አለኝ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ደስ አለኝ፣ ጋሼ። ለዚህ ያበቁንን እሱ የላይኛው ይይላቸው።

ተዝካሯ ላይም ይጠብቁሃል። እዚያው አልቅስ፤ እዚያው ጎረቤቶችህ ያስተዛዝኑህ። በትሕትና እጅ እማዬ ትለብሰው የነበረውን የሱፍ ባና ልኬልሃለሁ፤ ሳላጥበው ነው የላክሁት፤ ጠረኗ አለበት። እስካሁን ሰው የእማማ በኩር የት ቀረ ሲለኝ አልሰማም እል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሰምተሃል። እንግዲህ ሰምቶ ቀረ እባልልሃለሁ፤ ይበሉህ፤ አንተ ብቻ ኑርልኝ።

ባለቤቴ ገብረየሱስ በርታ ይልሃል። አክስታችን አመተሥላሴ ዓይኗ ቢደክምም ግንባርህን ትስማለች። ልጆቼ አጎታችን መቼ ይመጣል ማለት ትተዋል፤ እነሱም ሰላም ይሉሃል። አወቀ በግራ እጁ ስምህን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፎልሃል። እስከዳርን በአንገቷ፣ ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳምልኝ። ሴቷን ልጅህን ደግሞ ለእማዬ ብለህ አንድ ጊዜ ጨምረህ ሳማት።

ታናሽህ ሰርካለም
ሞላሌ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.