ሁለተኛው ማይል

ጌታሁን ወንድሜ፣ የጋምቤላ ሙቀት ናፍቆትህን አላቀለለልኝም።

ትናንት ምጥ የጠናባትን የወሎ ሰፋሪ ከባሮ ወንዝ ማዶ በቃሬዛ አመጧት። ቀበሌው ኦጆት የሚባለውን የአኙዋ አናጢ ያዘዘው እስከ ወንዙ ዳር ብቻ እንዲሸከም ነበር። እሱ ግን ከጀልባው ቀዛፊ ጋር አሻግሮ እኔ ለዘመቻ እስከተመደብኩበት ሆስፒታል ድረስ ተሸከማት። «ለምን?» ስለው፣ በሚሲዮን እንግሊዝኛው «ሰከንድ ማይል» አለኝ። «አንደኛውን ቀበሌ አዘዘኝ። ሁለተኛውን እኔ ራሴ ሄድኩ።»

እኛ ደሴ ላይ «ከታዘዙት በላይ መሥራት» ብለን ለተማሪ የምንተረጉመውን፣ ከወንጌል የወጣ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እዚህ በሰው ትከሻ ላይ አየሁት። ኦጆት በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። የሕፃኗ ልቅሶ ሲሰማ ያ ግዙፍ ሰው እንባው መጣ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ። የጎረቤታችንን የእትዬ ዘነቡን ጉልበት ሳምልኝ፤ ያገራቸው ልጅ በሰላም ተገላግላለች በላቸው።

ታምራት