ክንፉ ይቆረጥ ስለተባለው ሣጥን

ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ጠባቂዎችዎ የወሰዱት የሥራ ሣጥኔ እስከ ዛሬ በእርስዎ ግቢ ነው።

ለክቡር አቶ እዮኤል፣
የመንገድ ዳር ውበትና ሥርዓት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲህ ወደ እኛ ቆላ ከወረዱ ጀምሮ ኮትዎን ሲያወልቁ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ሙቀቱ እንዳይጎዳዎት ዘወትር እናስባለን። በቢሮዎ ጣሪያ ላይ የሚዞረው ማራገቢያ እርስዎ እስካሉ ድረስ እንዳይቆም ምኞቴ ነው። እሱ የቆመ ቀን ይህች ከተማ ምን ያህል እንደምትሞቅ ያውቃሉ፤ ይህን ደግሞ ለባለሥልጣን አልመኝም።

ስሜ ጀምበሬ ወልደሰንበት ነው። አናጢ ነኝ። በርና መስኮት እገጥማለሁ፣ ጣሪያ እመታለሁ። በሰፈራችን ዕድር ውስጥ ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ አልከፍልም፤ ሰው ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ መዋጮዬ ጉልበቴ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነና የሥራ ሣጥኔን ያላዩ ሰዎች ሊያነቡት ስለሚችሉ ስለ እሱ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። እርስዎስ በኮሪደርዎ ምሳ የተበላበት ዕቃ ስለሆነ ያውቁታል። ሣጥኑን የሠራሁት ከአሮጌ አይሱዙ የጭነት ጎን ሳንቃ፣ ከስፖንዳው ነው። ሁለት የእጅ ጋሪ ጎማ አለው። ውስጡ መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮውና መዶሻው እያንዳንዱ በየማረፊያው ይቀመጣል። በአንድ ጎኑ ያለው ሰፊ ሳንቃ በማጠፊያ የተያዘ ነው፤ ሲነሳ እግሩ ወርዶ መሬት ይረግጥና የአናጢ ባንኮ ይሆናል። እኛ ክንፍ የምንለው ይህንን ነው። ማጠፊያውን የበየደልኝ ጎረቤቴ አብዱልሀኪም ነው፤ ጨርሶ ሲያስረክበኝ፣ «ጀምበሬ፣ ወላሂ ይሄ ከቤትህ ይሻላል፤ ቢያንስ እግር አለው» አለኝ። ቤቴ ዘሞ በነበረበት ሰሞን ነው።

በቆላ የሚሠራ አናጢ ከጥላ ጋር ይሄዳል። ጠዋት ከግንቡ ሥር፣ ረፋድ ላይ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ከማዶው አጥር ሥር ይሠራል። ፀሐይ ላይ የዋለ መዶሻ እጅ ይልጣል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጣውላ ይጣመማል። ጎማና ክንፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ለመንሸራሸር አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ሕገ ወጥ የጎዳና ነጋዴ የተባልኩት ሣጥኑ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ሲቀያየር ስለታየና ይህም ከቁጥጥር ለማምለጥ የተደረገ ነው ስለተባለ ነው። ማምለጤን አልክድም። ያመለጥኩት ግን ከፀሐይ ነበር። በጽሕፈት ቤትዎ ፀሐይን የሚቆጣጠር ሠራተኛ ካለ እጄን እሰጣለሁ።

፪ኛ. ጠባቂዎችዎ ሥራቸውን የሚሠሩበትን ቀን ስለ መምረጣቸው አመሰግናለሁ። ዕለቱ እትዬ ሰርክአዲስ ያረፉበት ቀን ነበር። እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ ላያውቋቸው ይችላሉ፤ በአውቶቡስ ተራው አጠገብ ምግብ ቤት የነበራቸው፣ ከጀውሃ እስከ ጣርማ በር ያለ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ በስም የሚጠራቸው ሴት ናቸው። በጣም ረጅም ነበሩ። በገበያ ተሠርቶ የሚሸጠው የሬሳ ሣጥን ለእሳቸው አይበቃም፤ በልካቸው መሥራት ነበረብኝ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሬሳ ሣጥን የሚሠራው ከሟቹ ደጅ ነው። ባዶ ሣጥን ተሸክሞ በሰፈር መሀል ማለፍ ነውር ነው፤ በየቤቱ የተኛ በሽተኛ አለ፣ ያየዋል፣ ለእኔ ነው ይላል። ግቢያቸውን ድንኳኑ ስለሞላው ከደጃቸው ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ሥር፣ ክንፉን ዘርግቼ ሥራ ጀመርኩ። ቆላ ነው፣ ግንቦት ነው፤ ሬሳ አይቆይም።

ጠባቂዎችዎ በዚህ ሰዓት መጡ። አንደኛው ፀጋዬ የዕድራችን አባል ነው። «ጀምበሬ፣ እኔን አትየኝ፤ ታዝዤ ነው» አለ። አላየሁትም፤ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ አውርዶ ሣጥኔን ያዘ። የዕድሩን ሴቶች የሚያስተባብሩት እትዬ ብርቱካን ከድንኳኑ ወጡና፣ «አንተ ፀጋዬ፣ ሰርክአዲስንም ጫናት እንጂ፤ እሷም እኮ መንገድ ዳር ናት» አሉት። ከሐዘንተኛው መሀል የሳቀ ሰው ነበር። ወዲያው ግን አለቀሰ።

፫ኛ. ለቅልጥፍናችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መኪናው ላይ ሲጫን የሬሳ ሣጥኑ የቀኝ ጎን ሳንቃ ግማሹ ተቆርጦ ክንፉ ላይ ባለው እንጨት ቆንጣጭ ሞርሳ ውስጥ እንደተያዘ ነበር። «እሱን እንኳ ልፍታው» ብዬ ለመንኩ። «እንዳለ ይምጣ ተብሏል» አሉኝ። እንዳለ ሄደ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ የእትዬ ሰርክአዲስ የሬሳ ሣጥን አንዱ ጎን እስከ ዛሬ በእርስዎ ግቢ ተይዞ ይገኛል። ምን ብላችሁ እንደመዘገባችሁት አላውቅም፤ ሸቀጥ ያላችሁት ይመስለኛል።

በተውሶ መጋዝ መሬት ላይ ተንበርክኬ ጨረስኩት። ለጠፋው ጎን ሌላ ጣውላ ስላልነበረ የልጃቸው የአመለወርቅ አልጋ ራስጌ ተነቀለ። መሬት ላይ የተሠራ ነገር ቀጥ አይልም። ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ምስማሩ የአልጋውን እንጨት ሰነጠቀው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ቆመው ይጠብቁ ነበር፣ ፀሐይዋም ትጠብቅ ነበር፤ የሁለቱን ትዕግሥት ግን ሳመዛዝን የፀሐይዋ ያነሰ ነው። የተሸከሙት ሰዎች ክዳኑን በእጃቸው ተጭነው እስከ ጉድጓዱ ወሰዷቸው። አመለወርቅ በሣልስቱ ቀን፣ «ጋሼ ጀምበሬ፣ እናቴን እኮ ክዳኗን በእጅ ይዘው ነው የቀበሯት» አለችኝ። የወቀሰችኝ አይመስለኝም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ቃሏን ይኸው ለእርስዎ ልኬዋለሁ፤ የተማሩ ሰው ነዎት፣ መልስ አያጡላትም።

፬ኛ. ዕቃዬን በክብር ስለ መያዛችሁ አመሰግናለሁ። ሣጥኔን ፍለጋ መጀመሪያ በመጣሁ ጊዜ በኮሪደራችሁ ውስጥ ክንፉ ተዘርግቶ አገኘሁት። በላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆዎችና ግማሹ የተበላ ምሳ ነበር። በሞርሳው የተያዘው የእትዬ ሰርክአዲስ ሳንቃ ላይ አንድ ሰው ኮፍያውን ሰቅሏል። መንገድ ዳር ሲዘረጋ ሥርዓት የሚያፈርሰው ክንፍ በእርስዎ ኮሪደር ሲዘረጋ ሥርዓት እንደሚይዝ በዓይኔ በማየቴ ስለ ሕግ የነበረኝ ግንዛቤ ሰፍቷል። አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎኛል፤ የሚበላው ሰው በክርኑ ሲደገፍ ማጠፊያውን አጣሞታል። ባንኮ በላዩ ይሠሩበታል እንጂ አይደገፉበትም።

፭ኛ. ስለ ውሳኔዎ። ከፊትዎ እንድቆም ሲፈቀድልኝ፣ «ሣጥን ይፈቀዳል፤ ጠረጴዛ አይፈቀድም። መንገድ ዳር የተዘረጋ ጠረጴዛ ሁሉ ንግድ ነው» አሉኝ። ምን እንደምሸጥ ጠየቅሁዎት። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አሉ። የሬሳ ሣጥን እንደምሠራ ነገርኩዎት። «ቤትህ ሥራዋ» አሉ። ስለ ባዶ ሣጥንና ስለ በሽተኞቹ ስነግርዎት ስልክዎን እያዩ ነበር፤ ጉዳዩ የከበደ ስለሚሆን አልተቀየምኩም። በመጨረሻም ክንፉ ተቆርጦ ሣጥኑ እንዲመለስልኝ፣ ቆራጩም እኔው እንድሆን ወሰኑ። መጋዜ የታሰረው በሣጥኑ ውስጥ ስለነበረ መጋዙም ለዚሁ ተግባር ብቻ ለጊዜው እንዲፈታ ፈቀዱ። በሬ ሊያርድ ፈልጎ ቢላውን በሬው ራሱ ይሳለው የሚል ዳኛ እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።

እነሆ ዛሬ ትእዛዝዎን ልፈጽም መጥቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው በግቢዎ ውስጥ በዚያው ክንፍ ላይ ነው። የግምጃ ቤቱ ሰው ሣጥኑን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆመልኝ፤ ወደ ጥላው ላስጠጋው ስል፣ «አታንቀሳቅስ ተብሏል» አለኝ። በእርሳስ መስመር አስምሬያለሁ። መጋዙን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። ሦስተኛ ከማንሳቴ በፊት ይህን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እንጨት መቁረጥ የሕይወቴ ሥራ ነው፣ አልፈራም። አብዱልሀኪም የበየደውን፣ እኔ የላግሁትን፣ የስንቱን የሰፈሬን ሰው የመጨረሻ ቤት የቸነከርኩበትን ሳንቃ የእርስዎ ባልደረቦች ምሳ በጨረሱበት ማግሥት ስቆርጥ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እጄ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም።

እዚህ ላይ ነበርኩ፣ ከመንገዱ ማዶ የዕድራችን ጡሩምባ ተነፋ።

አሁን አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ጮክ ብሎ ነገረኝ፤ ጡረታ የወጡት ሹፌር ጋሼ ገብረሚካኤል አርፈዋል። ሰፊ ሰው ነበሩ፤ የገበያው ሣጥን ለእሳቸውም አይሆንም። ድንኳኑ እየተተከለ ነው። እትዬ ብርቱካንም መልእክት ልከውብኛል፤ «ጀምበሬን በሉት፣ ይሄኛውን ክዳን በእጅ አንይዝም» ብለዋል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የጀመርኩትን ትእዛዝ ሳልፈጽም እሄዳለሁ። ክንፉን አጥፌያለሁ። መጋዙ በቦታው ገብቷል። የእትዬ ሰርክአዲስን ሳንቃ ከሞርሳው አልፈታሁትም፤ ለጋሼ ገብረሚካኤል አንድ ጎን ይሆናል። እትዬ ሰርክአዲስ ትርፍ ነገር ሲጣል አይወዱም ነበር፣ አይቀየሙም። የግቢው በር ክፍት ነው። ማን እንደከፈተው እንዳይጠይቁኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ ኮፍያውን ብቻ ነው ያየሁት። ይህን ደብዳቤ በበርዎ ላይ በአንድ ምስማር ትቼዋለሁ፤ ምስማሩን ስጦታ ያድርጉት።

ሣጥኑን የሚሹት ከሆነ አይድከሙ። ከጋሼ ገብረሚካኤል ደጅ ፊት ለፊት ክንፉ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጥላው ሲዞር ደግሞ ከማዶው አጥር ሥር ያገኙታል። ጠባቂዎችዎን ከላኩ እባክዎ እርስዎም አብረው ይምጡ፣ ኮትዎን ይልበሱ። በድንኳኑ መሀል አልፈው፣ የሟቹን ልጆች ሰላም ብለው፣ ሳንቃውን ከእጄ ይውሰዱ። ይህን ካደረጉ ክንፉን እዚያው በሕዝብ ፊት እቆርጠዋለሁ፤ ቃሌ ነው።

ለእርስዎና ለማራገቢያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከጥላ ወደ ጥላ በሚያመልጥ ሰው አክብሮት፣

አናጢ ጀምበሬ ወልደሰንበት

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን ዕድር፣
ለወይዘሪት አመለወርቅ፣ ስለ አልጋዋ፣
ለኒሙ ዛፍ።

ማስታወሻ፦ አናጢዎች አንድ መጥፎ ልማድ አለን፤ ሰው ፊታችን ሲቆም ቁመቱን በዓይን እንለካለን። ከጠረጴዛዎ ተነስተው «ውጣ» ባሉኝ ጊዜ ሳላስበው ለክቼዎታለሁ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሁላችንም ተራችንን እንጠብቃለን፣ እርስዎም በዚሁ ሰፈር ተከራይተው ስለሚኖሩ ዕድሩ አይጥልዎትም። ረጅም ሰው ነዎት፣ የገበያው ሣጥን አይበቃዎትም። ክንፉ ካልተቆረጠ ግን በልክዎ እሠራበታለሁ።